ትሮምቦን ለጀማሪዎች፦ መሣሪያውን መምረጥ፣ መንፋትና ከአዳማ አቧራ መጠበቅ

ትሮምቦን ከሌሎች የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚለየው በጣት በሚጫኑት ቫልቭ ሳይሆን ስላይድ በሚባል፣ በክንድ በሚሳብ ቱቦ የሚሠራ በመሆኑ ነው። የትራምፔት ተጫዋች ትክክለኛውን ቫልቭ ከተጫነ ድምፁ ቢያንስ በሚፈለገው አካባቢ ያርፍለታል፤ የትሮምቦን ተጫዋች ግን፣ ጣቱን በጭራው ላይ የት እንደሚያሳርፍ ምልክት እንደሌለው እንደ ማሲንቆ ተጫዋች ሁሉ፣ ስላይዱን የት እንደሚያቆም የሚነግረው የገዛ ጆሮው ብቻ ነው። ጆሮ ያዘዘውን ክንድ መፈጸም የሚችለው ደግሞ ስላይዱ ሳይዝና ሳይንቀራፈፍ ሲሄድ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሲመርጡም፣ ሲለማመዱም፣ ሲያጸዱም ቀዳሚው ጥያቄ የስላይዱ ሁኔታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩ አዳማ ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ በከተማዋ ዳርቻ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለምና፣ በበጋ ወራት ነፋሱ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ በስላይዱ ቱቦዎች መካከል ወዳለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ሲገባ ደህናውን መሣሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚንገጫገጭ ያደርገዋል።

ትሮምቦን በአውሮፓ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ መሣሪያ ነው። በአገራችን የናስ ባንድ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የያዙት ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች ተብለው የሚታወቁት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በኩል የናስ መሣሪያ ድምፅ ከዘመናዊ ዘፈናችን ጋር ተዋሐደ። ትሮምቦን መማር የሚፈልግ ሰው እነዚያን የቆዩ ቅጂዎች እየደጋገመ ቢያዳምጥና ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን ወፍራም የናስ ድምፅ ከሳክስፎኑ ለይቶ ለመስማት ቢሞክር፣ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት የትምህርቱን እኩሌታ ጀመረ ማለት ነው።

የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ጀማሪ የሚያስፈልገው በቢ ፍላት የተቃኘ ቴነር ትሮምቦን ነው። ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ የቱቦው ጠቅላላ ርዝመት 2.7 ሜትር ያህል ነው። ቴነር ትሮምቦኖች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በዋናነት በስላይዱ የውስጥ ስፋት ሲሆን፣ ይህ ስፋት ቦር ይባላል። ለጀማሪዎች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ 12.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ መካከለኞቹ 13.34፣ ሰፊዎቹ የኦርኬስትራ ትሮምቦኖች ደግሞ 13.89 ሚሊ ሜትር ቦር አላቸው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ ትንፋሽ ላይ ግን ወዲያውኑ ይታወቃል። ሰፊው ቦር ብዙ አየር ይጠይቃል፣ ድምፁም ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ጠባቡ በትንሽ አየር ቶሎ ይናገራል፣ ድምፁም ብሩህ ነው። በባንድ፣ በማርሽና በቤተ ክርስቲያን መዝሙር አጃቢነት ለሚጫወት ጀማሪ ጠባቡ ቦር ይበቃዋል፤ ይሻለዋልም።

አንዳንድ ትሮምቦኖች በግራ አውራ ጣት የሚጫኑት፣ ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት መሣሪያ አላቸው፤ ይህም ትሪገር ይባላል። ትሪገሩ ሲጫን መሣሪያው ከቢ ፍላት ወደ ኤፍ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት እጅ ወደ ሩቅ የሚዘረጋባቸው አንዳንድ ድምፆች በቅርብ ይገኛሉ። ክንዱ ስድስተኛውን ፖዚሽን (ስላይዱ ከሚቆምባቸው ሰባት ቦታዎች ስድስተኛውን) በደንብ ለማይደርስ ልጅ ይህ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፣ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል፣ የሚበላሽ ተጨማሪ ክፍልም ነው። ለአዋቂ ጀማሪ ቀጥተኛውን፣ ያለ ትሪገር የተሠራውን እመርጣለሁ። ለትንንሽ ልጆች የፕላስቲክ ትሮምቦንም አለ። በስፋት የሚታወቀው ፒቦን ክብደቱ 800 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ የልጅን ትከሻ አያደክምም፣ በባጃጅ ሲጓጓዝም እንደ ናሱ ቶሎ አይጎዳም፤ የስላይዱ ፍጥነት ግን ከጥሩ የናስ ስላይድ ጋር አይወዳደርም።

አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ስሙ የማይታወቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በርካሽ የተሠራ አዲስ ትሮምቦን ከመግዛት፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ያማሃ፣ ባክ፣ ኪንግ፣ ኮን ወይም ጁፒተር መግዛት ይሻላል። ርካሽ መሣሪያ ላይ ቀለሙና ቤሉ (ድምፁ የሚወጣበት ሰፊ አፍ) ያምራሉ፤ የሚጎድለው የስላይዱ ትክክለኛነት ነው፣ እሱን ደግሞ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ለምሳሌ ያማሃ ዋይኤስኤል-354 የተባለው ሞዴል 12.7 ሚሊ ሜትር ቦር ያለው፣ በብዙ አገሮች ተማሪዎች የጀመሩበት መሣሪያ ስለሆነ ያገለገለ ሆኖ ይገኛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት የሞዴሉን ስም ጽፈው ይስጡት፤ «ትሮምቦን አምጣልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም።

ያገለገለ መሣሪያን መፈተሽ

ወደ አዲስ አበባ ሄደው የሚገዙም ሆነ አዳማ ውስጥ ከሚሸጥ ሰው የሚረከቡ፣ ከዚህ በታች ያለውን ፈተና ሳይፈጽሙ ገንዘብ አይክፈሉ። ፈተናው ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚቻል ከሆነ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት ጽዋ መሰል ክፍል) ያለው፣ መሣሪያውን በፊትዎ ነፍቶ የሚያሳይዎት ሰው ይዘው ይሂዱ።

በመጀመሪያ ስላይዱን ከቤሉ ይለያዩት። የስላይዱን መቆለፊያ ከፍተው የውጪውን ቱቦ በጥንቃቄ ያውጡ፤ የውስጠኞቹን ሁለት ቱቦዎችም በጨርቅ ጠርገው በብርሃን ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ እንደ መስተዋት በሚያበራ ክሮም የተለበጡ ናቸው። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ የተጋለጠ ቦታ፣ በተለይም ስቶኪንግ በሚባለው ጥቂት ወፈር ያለ የታችኛው ጫፍ ላይ ካዩ ልባጡ ተበልቷል ማለት ነው። በርዝመቱ የሚሄድ ጭረት ካለ ጣትዎን አሳልፈውበት ይሞክሩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ስላይዱንም ይይዛል።

ቀጥሎ የውጪውን ቱቦ መልሰው ይግጠሙና ስላይዱን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ያቁሙት። የውስጠኛውን ክፍል በአንድ እጅ ይዘው፣ ሌላውን እጅ እንዲቀበል ከታች አዘጋጅተው፣ የውጪውን ቀስ ብለው ይልቀቁት። ጥሩ ስላይድ በራሱ ክብደት ያለ ማቆም ይወርዳል። መሃል ላይ የሚዘገይ ከሆነ ቱቦው ጎብጧል ወይም ተቀጥቅጧል። ከዚያ የውጪውን ቱቦ ዞር አድርገው አንዱን እግር ብቻ በማስገባት ለየብቻ ይሞክሩ። እግሮቹ ለየብቻ ሲሞከሩ በነጻነት የሚሄዱ፣ አብረው ሲገጠሙ ግን የሚይዙ ከሆነ ችግሩ ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ አለመሆናቸው ነው፤ ይህን የሚያስተካክለው በትሮምቦን ጥገና የሠለጠነ ሰው ብቻ ስለሆነ በዋጋ ድርድሩ ላይ ሊታሰብበት ይገባል። ስላይዱን እንደ ገጠሙ የአንደኛውን እግር አፍ በመዳፍ ዘግተው በሌላው በቀስታ ይንፉ፤ አየሩ የሚያመልጥ ከሆነ፣ በተለይም በታች ባለው የውኃ ማስወገጃ ቡሽ በኩል፣ ይሰማዎታል። የቡሽ መልቀቅ ትንሽ ነገር ነው፣ በቀላሉ ይቀየራል።

ቤሉ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ መልኩን እንጂ ድምፁን እምብዛም አይነካምና በእሱ ምክንያት ጥሩ መሣሪያ አይለፍዎት። ስላይዱ ላይ ያለ ስርጉድ ግን፣ የምስር ፍሬ ቢያክልም፣ መሣሪያውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። በቱቦው ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ካሉ ናሱ ከውስጥ እየተበላ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ብዙ ከሆኑ ይተዉት።

ማውዝፒስና ሌሎች አስፈላጊ ዕቃዎች

ማውዝፒስ ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው ወደ መሣሪያው የሚገባው እግሩ ነው። ጠባብ ቦር ያላቸው ትሮምቦኖች ቀጭን እግር፣ ሰፊ ቦር ያላቸው ወፍራም እግር ይወስዳሉ፤ የማይስማማውን በጉልበት መክተት ሁለቱንም ያበላሻል። ቀጥሎ የጽዋው ስፋት ይመጣል። በባክ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ጽዋው ይሰፋል። ከጀማሪ ትሮምቦኖች ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው 12ሲ ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ጥቂት ወራት ለተለማመደ አዋቂ 25.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው 6½ኤኤል የተሻለ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ማውዝፒስ መቀያየር ከንፈርን ያደናግራል እንጂ ድምፅን አያሻሽልም።

የስላይድ ቅባት ለስላይድ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ስላይድ-ኦ-ሚክስን የመሰሉት ቅባቶች ጥቂት ጠብታ ተቀብተው በላያቸው ውኃ ሲረጭባቸው ነው በትክክል የሚሠሩት፤ ስለዚህ ትንሽ የውኃ መርጫ ጠርሙስ ከቅባቱ እኩል ያስፈልግዎታል። የድሮ ተጫዋቾች ስስ አድርገው የቀቡትን ኮልድ ክሪም በውኃ ይጠቀሙ ነበር፣ ሌላ ሲታጣ ዛሬም ያገለግላል። የስፌት መኪና ዘይት፣ የምግብ ዘይትና ቫዝሊን ግን ከስላይዱ ይራቁ፤ አቧራ ሰብስበው እንደ ጭቃ ይሆናሉ። ቫዝሊን የሚፈቀደው በቤሉ በኩል ላለው የመቃኛ ቱቦ ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ቤሉ ውስጥ የሚገባ የልምምድ ሚዩት ጎረቤትን ያሳርፋል፤ ሆኖም አየሩን ስለሚገድብ በየቀኑ በእሱ ብቻ መለማመድ የራስን ድምፅ ከመስማት ያግዳል።

አያያዝና የመጀመሪያው ድምፅ

መሣሪያውን ከመግጠምዎ በፊት ስላይዱ መቆለፉን ያረጋግጡ፤ ያልተቆለፈ ስላይድ ሾልኮ ሲወድቅ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ስላይዱንና ቤሉን ከ90 ዲግሪ ትንሽ በሚያንስ ማዕዘን ያጋጥሙ፣ ማውዝፒሱን በቀስታ አሽከርክረው ያስገቡ፣ በመዳፍ አይምቱት። ክብደቱን በሙሉ የሚሸከመው ግራ እጅ ነው፦ አውራ ጣት የቤሉን ድጋፍ ያቅፋል፣ አመልካች ጣት ወደ ማውዝፒሱ ይዘረጋል፣ የቀሩት ሦስቱ የስላይዱን የላይኛ ድጋፍ ይይዛሉ። ቀኝ እጅ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ብቻ የውጪውን ስላይድ ድጋፍ ላላ አድርጎ ይይዛል። ቀኝ እጅ መሣሪያውን መሸከም ከጀመረ ስላይዱ ይጎብጣል፣ አንጓም ይደርቃል።

ትንፋሹ ትከሻን ሳያነሣ ከወገብ ዙሪያ ተነሥቶ ደረትን ይሙላ። በአራት ምት ያስገቡ፣ በአራት ያስወጡ፤ ቀጥሎ በአራት አስገብተው በስምንት ያስወጡ። ከንፈሮችን «ም» ሲሉ እንደሚገጥሙት ገጥመው፣ የአፍ ጥጎችን ጠበቅ፣ መሃሉን ለስለስ አድርገው አየር ሲያሳልፉ ከንፈሩ ይርገበገባል። ይህን መጀመሪያ በማውዝፒስ ብቻ ይሞክሩ። ማውዝፒሱን ከንፈር ላይ አጥብቆ መጫን ለጊዜው ከፍ ያለ ድምፅ ያስገኛል፣ ከንፈርን ግን ያቆስላል፤ ከልምምድ በኋላ ጥልቅ ክብ ምልክት ከቀረ እየተጫኑ ነው። ከዚያ ማውዝፒሱን መልሰው፣ ስላይዱን ዘግተው ይንፉ። የሚወጣው ምናልባት ኤፍ ወይም ከበታቹ ያለው ቢ ፍላት ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ፖዚሽን ላይ በከንፈር ውጥረትና በአየር ፍጥነት ብቻ ብዙ ድምፆች ይወጣሉና።

ሰባቱ ፖዚሽኖችና ቅኝቶቻችን

ስላይዱ ሰባት ፖዚሽኖች አሉት፤ አንደኛው ስላይዱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ድምፁን በግማሽ ቶን ዝቅ ያደርጋል። ርቀታቸው እኩል አይደለም። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እየራቁ ሲሄዱ እየሰፋ፣ ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሦስተኛው ከቤሉ አፍ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አራተኛው አለፍ ብሎ ይገኛል፤ ይህን መነሻ አድርገው ቦታውን በቱነር (የድምፅን ትክክለኛነት በሚያሳይ መለኪያ) እና በጆሮ ያጽኑት። የስልክ ቱነር ለዚህ ይበቃል፣ ነገር ግን ድምፁን መጀመሪያ በአፍዎ አዚመው ከዚያ ነፍተው በመጨረሻ ቱነሩን ይዩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚሠለጥነው ዓይንዎ ነው።

የመጀመሪያው ስኬል የቢ ፍላት ሜጀር ነው፤ ከታች ወደ ላይ ፖዚሽኖቹ 1፣ 6፣ 4፣ 3፣ 1፣ 4፣ 2፣ 1 ናቸው። ከእሱ ጎን ለጎን ቅኝቶቻችንን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መለማመድ እንዳለብን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ጆሯችን አስቀድሞ የሚያውቃቸው ስለሆኑ ስሕተቱ ወዲያው ይሰማናል። ትዝታ ሜጀር በቢ ፍላት ሲጀመር ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ይሆናል፤ ፖዚሽኖቹም 1፣ 6፣ 4፣ 1፣ 4፣ 1። ባቲ ሜጀር ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ሲሆን 1፣ 4፣ 3፣ 1፣ 2፣ 1 ነው። አምባሰልን ከሲ ብንጀምር 6፣ 5፣ 1፣ 4፣ 3 ብለን ከላይ ያለውን ሲ በ3 እንዘጋለን። አንቺሆዬ ከዚያው ሲ ሲነሣ 6፣ 5፣ 1፣ 5፣ 2 እና 3 ይሆናል። አንቺሆዬ ላይ ድምፃውያንና ማሲንቆ ተጫዋቾች አንዳንዱን ድምፅ ከኪቦርድ ቁልፍ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል። ትሮምቦን በስላይዱ ትንሽ ንቅናቄ ይህን መከተል የሚችል መሣሪያ ስለሆነ፣ ቅጂውን እያዳመጡ ስላይዱን ከቅጂው ጋር ያስማሙ።

ስላይዱ በሚጓዝበት ጊዜ አየሩ ስለማይቋረጥ፣ ምላስ ካልገባበት በሁለት ድምፆች መካከል የመንሸራተት ድምፅ ይሰማል። ለተለየ ድምፅ በ«ቱ»፣ ለተያያዘ ዜማ በለስላሳ «ዱ» ይጀምሩ፤ እጁም ምላሱ በሚነካበት ቅጽበት ፈጥኖ ይሂድ። በዝግታ ዜማም ቢሆን ስላይዱ ፈጣን ነው፤ የሚዘገየው ድምፁ እንጂ እጁ አይደለም።

የቀን ልምምድና ጽዳት

ለጀማሪ በቀን 30 ደቂቃ ይበቃል፦ አምስት ደቂቃ ትንፋሽና ማውዝፒስ፣ አሥር ደቂቃ ረጅም ድምፆች፣ አሥር ደቂቃ ስኬልና ቅኝት፣ የቀረው የሚወዱት ዜማ። አዳማ ላይ ማለዳው ከሁሉ ይመረጣል፤ ነፋሱ ገና አልበረታም፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የመቃኛ ቱቦውን ትንሽ ሳብ ያድርጉ፣ በጠዋት ቅዝቃዜ መልሰው ያስገቡት። ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ለስላሳ ከጠጡ አፍዎን ሳይጉመጠመጡ አይንፉ፤ ስኳሩ በትንፋሽ ወደ ስላይዱ ገብቶ ይጣበቃል።

ከጨረሱ በኋላ በውስጡ የቀረውን ውኃ በማስወገጃው አውጥተው፣ የውስጠኛውን ቱቦ ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ። ነፋስ በበዛበት ወቅት ይህ በየቀኑ ይደረግ፣ ቅባቱም ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ በአዲስ ይተካ፤ አቧራ የገባበትን ቅባት ላዩ ላይ ሌላ ቢጨምሩበት አሸዋነቱ አይለቅም። ማውዝፒሱን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መሣሪያውን በወር አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ የዕቃ ሳሙና ይጠቡ። ትኩስ ውኃ ላከሩን (ናሱን የሚሸፍነውን መከላከያ ቅብ) ያነሣዋል። የሚተጣጠፈውን ብሩሽ በቱቦው ውስጥ አሳልፈው ካለቀለቁ በኋላ በንጹሕ ፎጣ ላይ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያድርቁት። ማውዝፒሱ ተጣብቆ እምቢ ካለ በፒንሳ አይሞክሩ፤ የማውዝፒስ መንቀያ ያለው ባንድ ይፈልጉ።

በባጃጅ ሲሄዱ ሳጥኑን ከኋላ ጭነት ላይ ሳይሆን በጉልበትዎ መካከል አቁመው ይያዙት፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። አደባባይ ላይ ወይም በሰርግ የሚጫወቱ ከሆነ በዘፈኖች መካከል መሣሪያውን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ስላይዱን ቆልፈው በእጅዎ ይያዙ፣ የውኃ መርጫውንም ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ።